ጋሼ፣ ፌስታልዎ ወደቀ!

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ላስጣው ብላ ስታነሣው፣ ከሥሩ የተጣጠፉ ፌስታሎች እየተንኮሻኮሹ ወለሉ ላይ ፈሰሱ። ተቀምጠን ቆጠርናቸው። 63 ናቸው። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ባለ መስመር አለ፣ የጫማ ቤት ስም የታተመበት አለ፣ ከዘመድ ሠርግ የተረፈ ወርቃማም አለ። ከ63ቱ አንዱም የእሷ አይደለም። ሁሉንም "ለክፉ ቀን ይሆናል" እያልኩ አጣጥፌ የሸጎጥኩት እኔ ነኝ። ክፉ ቀን ግን መጥቶ ሲሄድ አንድም ቀን ከፍራሽ ሥር አውጥቼ ገበያ ይዤው የሄድኩት ፌስታል የለም። ገበያ ስደርስ አዲስ እቀበላለሁ፤ ቤት ስገባ አጣጥፌ እሸጉጣለሁ።

ይህን የምጽፈው ሰው በአንድ የደባርቅ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ነው።

በግንቦት 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ፣ በፌስታል ሲገለገል የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ቢሆንም 63ን በ2,000 ማባዛት አያቅተኝም። 126,000 ብር ይመጣል። በ5,000 ከሆነ 315,000። አዋጁ ከፍራሽ ሥር ያለውን አንድ በአንድ እየቆጠረ እንደማይቀጣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ግን ቢቆጥር ደስ እንደሚላት ከፊቷ አነበብኩ።

ለነገሩ ሕጉ ለእኔ አዲስ አይደለም። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረትም ሆነ ወደ አገር እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ ጀማሪ መምህር ነበርኩ፤ ጀማሪ መምህር ደግሞ ያነበበው ነገር ሁሉ እሳት ሆኖ ነው የሚያቃጥለው። አዋጁን ይዤ ክፍል ገባሁና "0.03 ሚሊ ሜትር ማለት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? እስኪ ሁላችሁም አንድ አንድ ፀጉር ንቀሉ!" አልኩ። 60 ተማሪ ፀጉሩን ነቀለ። አንዷ ልጅ ሹሩባዋን ነክታ የእናቷን ቁጣ ስላስታወሰች ከጎኗ ካለችው ተበደረች። "አያችሁ፣ ሕግ የከለከለው ፌስታል ከዚህ ፀጉር ይሳሳል" አልኩ። በጣም የተሳካ ትምህርት ነበር። ደወል ሲደወል ጠመኔዬንና ማጥፊያዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ የያዝኩባት ፌስታል ከነቀሉት ፀጉር ትሳሳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 18 ዓመት አለፈ። ያን ቀን ፀጉራቸውን ከነቀሉት ልጆች አንዱ ዛሬ ሱቅ አለው። ፌስታል በጥቅል የምገዛው ከእሱ ነው። "ለመምህር ነው፤ ቀንሼ ልስጣቸው" ይላል።

አዲሱ አዋጅ ከጸደቀ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ነዋሪው ግንዛቤ እንዲያገኝ ተብሎ ስብሰባ ተጠራና አስረዳ ተብዬ ተላክሁ። ደባርቅ በሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ ለሚያውቅ ሰው መንገሩ ድካም ነው፤ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ቢነግሩት አያምንም። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተነሥቶ እየተሳበ ይመጣና ከተማዋን ይውጣታል፤ ከዚያ ጉሙ ራሱ ውኃ ይሆናል። የማስረዳበትን ሰነድ በወረቀት አሳትሜ ነበር። ከቤት ልወጣ ስል ሰማዩን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ፣ ከዚያ እጄ ራሱ ሄዶ ፍራሹን አነሣ። ደህና ወፍራም ሰማያዊ ፌስታል መርጬ ወረቀቱን ጠቀለልኩበት፣ በሁለት ቋጠሮ ቋጠርኩት።

አዳራሽ ገብቼ ንግግሬን ጀመርኩ። "የፕላስቲክ ከረጢት በአካባቢና በእንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት..." እያልኩ ስሄድ፣ ከፊት የተቀመጡ፣ ጉሊት ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ ይሄ የፕላስቲክ ከረጢት የምትለው ምኑ ነው?"

"ፌስታል ነው፣ እናቴ።"

"ታዲያ ፌስታል አትልም! እኔ እኮ የሆነ የመንግሥት ዕቃ መስሎኝ ስሰጋ ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ እዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ያ ወረቀትህን የጠቀለልህበትስ?" አሉኝ።

"እሱማ... ዝናቡ ነው፣ እናቴ። እንዳይርስ ብዬ ነው።"

"ዝናቡማ የእኔን ገዢም ያርሰዋል" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

በሕይወቴ እንደዚያች መልስ አጠር ያለ የሕግ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ፌስታልን ማን ለምን እንደሚይዘው፣ ለምን ለመተው እንደሚያቅት፣ ሕግ ከዝናብ ጋር ሲገጥም ማን እንደሚያሸንፍ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ ግን ለ40 ደቂቃ ያህል ንግግሬን ቀጠልኩ፤ የተዘጋጀሁት ለ40 ደቂቃ ነበርና።

ዝናቡን ግን ሰበብ አላደርገውም። ዝናብ ከመስከረም በኋላ ያባራል፤ እኔ ግን በጥር ፀሐይም ፌስታል እይዛለሁ። እውነተኛው ምክንያት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ቶሎ ልናገረውና ልገላገል። ዘንቢል መያዝ አፍራለሁ።

ያገባሁ ጊዜ እናቴ ጥሩ ዘንቢል ገዝታ ሰጥታናለች። ሁለት እጀታ ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ ጥለት የገባበት፣ አሥር ኪሎ ድንች ቢሸከም የማይልፈሰፈስ። ዛሬ ወጥ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሽንኩርት ይጠብቃል። የክበቡን መሪ ቃል "ፌስታል በቃን" ብለን ባወጣን ሰሞን ተደፋፍሬ ያን ዘንቢል አንጠልጥዬ ገበያ ወጣሁ። በሩን ገና ሳልርቅ አንድ ጎረቤት አገኙኝና ፊታቸው ጠቆረ።

"ምነው መምህር፣ ባለቤትህ ታመመች እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት።"

ትንሽ ሄድ እንዳልኩ ሌላው። "ምነው፣ ሰው አልጠፋብህም አይደል?" ሦስተኛው ምንም አልጠየቀኝም፤ ከንፈሩን መጥጦ አለፈ። እሱ ይብሳል። አንድ ወንድ ዘንቢል ይዞ ከታየ ወይ ሚስቱ ታማለች፣ ወይ ጥላው ሄዳለች፣ ወይ ራሱ ጤና የለውም ማለት ነው። በአራተኛው ሰው ላይ ዘንቢሉን አጣጥፌ ብብቴ ሥር ከተትኩት፤ ገበያ ደርሼ ድንቹን በሦስት ፌስታል ገዛሁና ዘንቢሉን በአራተኛ ፌስታል ሸፍኜ ተመለስኩ። ማታ መጀመሪያ ያገኙኝ ጎረቤት ከነባለቤታቸው በራችንን አንኳኩ። የታመመች ሊጠይቁ ነው የመጡት። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘዋል። በምን እንደያዙት መገመት ትችላላችሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፌስታልን በደንብ ገባኝ። ፌስታል ዕቃ መያዣ ብቻ አይደለም፤ ገመና ከዳኝ ነው። በተለይ ጥቁሩ። ከሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ ገዝተህ ስትወጣ በጥቁር ፌስታል ያለ ሩብ ኪሎ ሁለት ኪሎ ሊመስል ይችላል፤ ማንም አይመዝንብህም። የደመወዝ ሰሞን ብዙ ከገዛህም ከዓይን ይጋርድሃል። የሚያሳፍረውንም የሚያስቀናውንም እኩል ይሸፍናል። ዘንቢል ግን አፉ ክፍት ነው፤ ሦስት ሽንኩርት ከያዝክ ሦስት ሽንኩርት ነው የያዝከው። ወንድን ደግሞ ገበያ ያስለመደው ፌስታል ነው። ባዶ እጁን ወጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እግረ መንገዱን እንደገዛ ሰው እያንጠለጠለ ይመለሳል። ከቤት ዘንቢል ይዞ መውጣት ማለት ግን "አስቤበት ሽንኩርት ልገዛ ነው የወጣሁት" ብሎ ማወጅ ነው። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስለዚህ የወንዶች ኩራት አስቀድሞ ዝቅ እንዲል የሚያደርግ አንቀጽ ያስፈልገው ነበር። ይህን ግን በስብሰባው ላይ አልተናገርኩም።

አሁን "ድሮ እኮ..." እያልኩ እንደምጀምር ጠብቃችሁ ይሆናል። ክበቡ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናገረው። ድሮ እህል በስልቻና በአቅማዳ፣ ስንቅ በአገልግል፣ ቅቤ በቅል ነበር እላለሁ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ያልነገርኳቸው እውነት ግን አለ። ልጅ ሆኜ ስኳር ግዛ ተብዬ እላክ ነበር፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል፤ በክረምት መንገድ ላይ ጋዜጣው ይርስና ይቀደዳል፤ ቤት ስደርስ የሚቆጠረው ስኳሩ ሳይሆን ዱላው ነበር። አባቴ ከጎንደር ሲመለስ የመጀመሪያዋን ፌስታል ይዞ የመጣ ዕለት በቤታችን የተሰማው ደስታ ሬዲዮ በተገዛ ጊዜ ከተሰማው አያንስም። እናቴ በሳሙና አጥባ ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀለቻት። ደብተሬን በእሷ ይዤ አንድ ሙሉ ዓመት ተምሬአለሁ፤ እጀታዋ ሲበጠስ እናቴ በመርፌ ሰፋችው። ፌስታል በመርፌ ሲሰፋ ያየ ትውልድ የእኔ ትውልድ ነው። የዛሬዎቹን በመርፌ ብትነኳቸው መርፌው ይሠራል፣ ፌስታሉ ይጠፋል።

ይህን ባለ እጀታ ፌስታል የፈለሰፈው ስተን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ልጁ በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ያሰበው ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ነበር፤ ሰው አንዱን ይዞ ደጋግሞ እንዲገለገልበት። ራሱም አንዷን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር አሉ። እናቴ ይህን ሰው ሳታውቀው ሐሳቡን በልኩ ተረድታዋለች። እኔ ልጇ ማጣጠፏን ወረስኩ፤ ይዞ መውጣቱን ግን ረሳሁት።

አንድ ጊዜ ክበቡን ይዤ ሳንቃበር ወጣሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ መሆኑን፣ ለ20 ዓመት ያህል "አደጋ ላይ ያለ" ተብሎ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ መውጣቱን በአውቶቡስ ውስጥ አስረዳሁ። ዓላማችን በካምፑ ዙሪያ የተጣለ ፕላስቲክ መልቀም ነው። ተማሪዎቹ 42 ነበሩ። ምሳቸውን ለማዘጋጀት ኃላፊነት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ዳቦና ቅቅል ድንች ለያንዳንዱ በየፌስታሉ ቋጠርኩ። ሲደርሱ ማንም ለማከፋፈል የማይደክምበት ንጹሕ አሠራር ነው ብዬ ኮራሁ።

ከእኛ ጋር የተመደቡት የፓርኩ ስካውት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ምንም ሳይናገሩ ከጎናችን ይሄዱ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከብብታቸው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጡ። በሶ ነው። በእጃቸው ጨበጥ ጨበጥ አድርገው በሉ፣ ከረጢቷን አራገፉ፣ መልሰው ብብታቸው ከተቷት። መሬት ላይ የቀረ ምልክት የለም፤ ትንሽ የገብስ ዱቄት ነፋሱ ወሰደው።

የእኛ ወገን ገና ፌስታሉን ሲፈታ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ጣት የሚያህል የደጋው ቁራ ወረደ። ከአንዱ ልጅ ጭን ላይ ፌስታሉን ከነዳቦው መንጭቆ ገደሉ አፋፍ ላይ ዐረፈ፤ ዳቦውን አወጣና ፌስታሉን ለቀቀው። ነፋሱ ተቀበለው። ፌስታሉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከገደሉ በላይ ዞረ፣ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ ወደ ቆላው ቁልቁል ሰጠመ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሲመሽ የለቀምነውን ለካን። በምን እንደለቀምነው አትጠይቁኝ። ለስካውቱ በኩራት፣ "አባቴ፣ ዛሬ ብዙ ነገር አጸዳን" አልኳቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ "ስትመጡ 42 ነበረ። ስትሄዱ 41 ነው" አሉኝ።

ቆጥረው ነበር ማለት ነው። የተማሪዎቼን ብዛት የነገሩኝ መስሎኝ ደንግጬ ልጆቹን ቆጠርኩ። 42 ናቸው። ያኔ ገባኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን የዳባቱ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትመጡ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን አልፋችሁ ዳባት ላይ ሚኒባስ ቆም ይላል። ቆሎ ገዛሁ፤ በትንሽ ፌስታል ነው የሚሰጡት። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ከጎኔ ለተቀመጠ ወጣት ስለ አፈር መሸርሸር እያወራሁ (ጂኦግራፊ መምህር ከጎኑ የተቀመጠን ሰው አይምርም)፣ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ባዶዋን ፌስታል በመስኮት ለቀቅኋት። "ጣልኳት" አላልኩም፤ ሰው ሲጥል "ጣልኩ" አይልም።

ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከኋላ ጩኸት ሰማን። አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ በባዶ እግሩ እየሮጠ ነው፤ እጁን ከፍ አድርጎ የሆነ ነገር ያውለበልባል።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ፌስታልዎ ወደቀ!"

ሾፌሩ ደግ ሰው ሆነብኝና አቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ እያለከለከ ደርሶ በመስኮት አቀበለኝ፤ አቧራውን በሸሚዙ ጠርጎ ነው የሰጠኝ። ምን ትላላችሁ? "ሆን ብዬ ነው የጣልኩት" ትላላችሁ? "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እደግ" አልኩት። ልጁ በደስታ ቆሞ እጁን አውለበለበልን። ከጎኔ ያለው ወጣት "ስለ አፈሩ ምን እያሉኝ ነበር?" አለኝ። ደባርቅ እስክንደርስ ተኛሁ። የተኛሁ መሰልኩ እንጂ አልተኛሁም። ያቺም ፌስታል ከፍራሹ ሥር ካሉት 63ቱ ውስጥ አለች፤ የቆሎ ልጣጭ ስላለባት አወቅኋት።

ስለ ከሰሉም ልናገር? ልናገር፤ አንዴ ከጀመርኩ። ፕላስቲክ ማቃጠል ለሳንባ መርዝ እንደሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ቤቴ ግን ከሰል እንቢ ሲል እንጨት ፍለጋ አልወጣም፤ አንዲት ፌስታል እጠመዝዝና ክብሪት እጭራለሁ። ሰማያዊ ነበልባል እየተንጠባጠበ፣ ቱስ ቱስ እያለ ከሰሉ ላይ ይወርዳል፤ ወዲያው ይያዛል። አማቴ ለቡና መጥተው አንድ ቀን ይህን ሳደርግ አዩኝ። ምንም አላሉም። ዕጣኑን አንስተው ሁለት እጥፍ ጨመሩበት።

ባለፈው ፋሲካ ደግሞ በግ ገዛሁ። ሻጩ "ገብስ እንጂ ሌላ ቀምሶ አያውቅም" ብሎ በታቦት ማለ። ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት፣ ጨጓራውን የምታጥበው እህቴ "ኧረ ኑ እዩ!" ብላ ጮኸች። አንድ ጭብጥ የሚያህል የታመቀ ፕላስቲክ ነው። በአገራችን ቄራዎች ምርመራ ያደረጉ የእንስሳት ሐኪሞች በታረዱ ከብቶች ሆድ አዘውትረው የሚያገኙት ባዕድ ነገር ፕላስቲክ እንደሆነ አንብቤ ነበር፤ እንዲያውም ተማሪዎቼን ፈትኜበታለሁ። በራሴ በግ ሆድ ሳየው ግን ሌላ ነው። እህቴ በጣቷ ፈለቀቀችው፤ ከመካከሉ ሰማያዊ ፌስታል ወጣ፤ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ሁለት ጊዜ ተደራርቦ የተቋጠረ ነው። ባለቤቴ ቋጠሮውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በደባርቅ በሁለት ቋጠሮ የሚቋጥር እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ብዙ ሰው አለ። ቢሆንም የዚያን ቀን ዱለት አልበላሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስለ አዋጁ ምን ያስባል ብትሉኝ፣ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የምደግፈው ግን ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ምክር እንደማይመልሰኝ ስለማውቅ ነው፤ ምክሩን የምሰጠው እኮ ራሴ ነኝ። እኔን ማስተማር አይቻልም፤ ሁሉንም አውቀዋለሁና። የሚያስፈልገኝ ሱቁ ሄጄ "ፌስታል ስጠኝ" ስል የቀድሞ ተማሪዬ "የለም መምህር" እንዲለኝ ነው። ሌላው አገር ያደረገውም ይኸው ነው። ባንግላዴሽ ጎርፍ መውረጃ ቦይ በፌስታል ተደፍኖ መከራዋን ካየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ከለከለች። ከሊማሊሞ ቁልቁል ወርደን፣ ጣሊያን በጠረበው መንገድ ተከዜን ተሻግረን ብንዘልቅ የምንደርስባት ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከለከለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተከተሉ። የአክስቴ ልጅ ለስብሰባ ሩዋንዳ ሲሄድ በርበሬና ሽሮ በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቦ ይዞ ነበር፤ ሲገባ ፌስታሉን ወሰዱና በርበሬውን ትተውለት፣ በሸሚዙ ጠቅልሎ ስብሰባ ገባ። "ለሦስት ቀን ሳስነጥስ ከረምኩ፤ ግን ከተማው ላይ አንድ ፌስታል አላየሁም" አለኝ። በአፉ ያማቸዋል፤ ቅናቱ ግን ከዓይኑ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ እንደ ጥፋተኛ የመናገር መብት ካለኝ። ለሚያመርቱና ለሚያስመጡ የተቀመጠው ቅጣት ለእኛ ከተቀመጠው በብዙ እጥፍ የከበደ ነው፤ ተገቢም ነው። ቅጣቱ ከዚያ ከላይ ይጀምር። ከዚያ እኔን ያዙኝ፤ ደመወዝ አለኝ፣ ደብተር አለኝ፣ የማውቀውን አውቃለሁ። የጉሊቷን እናት ግን በመጨረሻ ያዟቸው። 2,000 ብር ለእሳቸው ስንት ገበያ ውለው፣ ስንት ቁና ድንች ሸጠው የሚያገኙት ነው። ባዶ እጁን መጥቶ "መያዣ የለዎትም?" የሚላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። እሳቸው ገዢ እንዳይሄድባቸው ከኪሳቸው ገዝተው የሚያቀርቡትን፣ እኔ ሁለት ካልሰጡኝ ብዬ እነጫነጫለሁ። ከ18 ዓመት በፊት የወጣው ሕግ የጎደለው አንቀጽ አልነበረም፤ ከአንድ አምራች በር ላይ ቆሞ "ይህ ከፀጉር ይሳሳል" የሚል ሰው ነበር።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ሽንኩርቱን ወለሉ ላይ ዘርግፌ ዘንቢሉን ከምስማሩ አወረድኩት። ባለቤቴ ሳትናገር ትመለከተኛለች። 63ቱን ፌስታል ደግሞ እንደገና አጣጥፌ ዘንቢሉ ሥር ከተትኳቸው፤ ለጉሊቷ እናት ልሰጣቸው ነው፤ ሕጉ እጃቸው ሳይደርስ አዲስ ከመግዛት ይድኑ ይሆናል ብዬ። ገበያ ደርሼ ስሰጣቸው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ወርቃማዋን ለራሳቸው አስቀሩ። ቀሪዎቹን እየመለሱልኝ፣ "ወንጀሉን ለእኔ ልታሸክም መጣህ?" አሉኝ። እዚያው የሰማ ሁሉ ሳቀ። ድንቹን ግን ዘንቢሉ ውስጥ አፈሰሱልኝ፤ መርቀውም አንድ እፍኝ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ።

62ቱ ተመልሰው ከፍራሹ ሥር ናቸው። ዘንቢሉ ግን ከእንግዲህ ምስማር ላይ አይሰቀልም ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ የደባርቅና የዳባት ሰዎች፣ በገበያ ቀን ቀይና አረንጓዴ ዘንቢል ያንጠለጠለ ወንድ ብታገኙ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ጥላኝም አልሄደችም። እባካችሁ ብርቱካን ይዛችሁ አትምጡ። መምጣታችሁ ካልቀረ በዘንቢል ይሁን።